ከተማሪዎቻችን ጎን መቀመጥ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ኮሚቴ የቢዝነስና የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ለሚማሩ ልጆቻችን በበጎ ፈቃድ የሥራ አማካሪ ስለ መሆን እንድናገር ጠይቆኛል። በዕብራይስጥ «ሜንቶር» ይሉታል፤ ቃሉ ከግሪኮች የመጣ ነው እንጂ የዕብራይስጥም አይደለም። እኛ «አማካሪ» እንላለን። ይሁን እንጂ ይህ ቃል ለእኔ ብዙም አይጥመኝም፤ ወንበር ላይ ተደላድሎ ምክር የሚያድል ሰው ያስመስላል። አባቶቻችን በጎንደርና በትግራይ ብረት ሠሪዎች በነበሩበት ጊዜ፣ ልጅ ሙያውን የተማረው በምክር አልነበረም። ወናፍ እየነፋ፣ አባቱ ብረቱን ከእሳት መቼ እንደሚያወጣ በዓይኑ እያየ ነበር። ዲግሪ በክፍል ውስጥ ይገኛል። ወናፉ አጠገብ የመቀመጡ ነገር ግን በዚህ አገር ለልጆቻችን ጎደለ።

ለምን ጎደለ ብትሉኝ፣ የማንም ወላጅ ጥፋት አይደለም። አባቱ በባንክ የሚሠራ ተማሪ በራት ሰዓት ስለ ብድር፣ ስለ በጀት፣ ስለ አለቃ ጠባይ ሲወራ እየሰማ ያድጋል። የእኛ ወላጆች ደግሞ በፋብሪካ፣ በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ደክመው አሳደጉን፤ ልጃቸው ስለ ቢሮ ኑሮ ቢጠይቃቸው ምን ይበሉት? ይልቁንም ከቢቱአህ ሌኡሚ የመጣውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው ልጁ ራሱ ነው። ከዚህም ሌላ በእስራኤል ብዙ ሥራ በጋዜጣ ሳይወጣ ከሰው ወደ ሰው ያልፋል። በጦር ሠራዊት አብሮ ያገለገለ ጓደኛ ይደውልና «በእኛ ክፍል አንድ ቦታ ተከፍቷል፤ ቆሮት ሃይምህን ላክልኝ» ይላል። ሰዎች ይህን ፕሮቴክሲያ ብለው ይጠሩታል፤ እኔ ግን ብዙውን ጊዜ የስልክ ጥሪ ብቻ ነው እላለሁ። ያችን ጥሪ የሚደውልለት የሌለው ተማሪ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በገበያ አዳራሽ በር ላይ ቦርሳ ይፈትሻል። እንደዚህ ያሉ ልጆች አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የእኩል የሥራ ዕድል ሕግ አሠሪ በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላል። አሠሪው የጦር ሠራዊት ፕሮፋይልህ ስንት ነው ብሎ መጠየቅም አይፈቀድለትም፤ ይህን የማያውቁ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አለ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለኢትዮጵያ ተወላጆች ተገቢ ውክልና እንዲሰጥ የሚያዝዝ ሕግ ወጥቷል። አማካሪ የሚሆን ሰው እነዚህን ሊያውቅ ይገባል። ነገር ግን ሕግ ለማንም ተማሪ ስልክ አይደውልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ለዓመታት ከተማሪዎች ጋር ስቀመጥ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደብኝ የሒሳብ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። የወሰደብኝ «ስለ ራስህ ንገረኝ» የሚለው ጥያቄ ነው። በርአዮን ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ይህ ነው። የእኛ ልጅ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ራሱን እንዳያመሰግን፣ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ዝቅ እንዲያደርግ፣ ሳይጠየቅ እንዳይናገር ተነግሮት ያደገ ነው። ጠያቂዋ ዝምታውን ስታይ «ፍላጎት የለውም» ብላ ትጽፋለች፤ እሱ ግን አክብሯት ነው። ታዲያ ምን እናድርግ? ጨዋነትህን ጣል ልንለው ነው? እኔ እንዲህ አልልም። የምለው ራስህን አታመስግን፣ ስለ ራስህ መስክር ነው። በሽማግሌዎች ፊት ምስክር ሆኖ የቀረበ ሰው ያየውን ይናገራል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። አንዲት ተማሪ «እኔ ምንም የሠራሁት የለም» አለችኝ። ቀስ ብዬ ስጠይቃት ከ15 ዓመቷ ጀምሮ የቤተሰቧን ሒሳብ የምትይዘው፣ ከባንክ ጋር የምትከራከረው፣ የእናቷን የቤት ብድር በየወሩ እየተከታተለች የምታስከፍለው እርሷ መሆኗ ታወቀ። ይህ ምንም ነው? ይህን በሦስት ዓረፍተ ነገር ፊት ለፊት መናገር እስክትችል አራት ጊዜ ተገናኘን።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ተማሪው በአማርኛ ሲያናግረኝ «እርስዎ» ይለኛል፤ «እርስዎ» ካለኝ ደግሞ ሊቃወመኝ አይችልም፤ የተናገርኩትን ሁሉ «እሺ» ብሎ ይሄዳል። በዕብራይስጥ «አታ» ሲለኝ ግን ይከራከረኛል። ስለዚህ ርአዮን የምንለማመደው ሁልጊዜ በዕብራይስጥ ነው። የቤት ነገር፣ የገንዘብ ችግር፣ የልብ ጉዳይ ሲመጣ ግን ብዙዎቹ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፤ አማርኛቸው የተሰባበረ የሆነው እንኳ። እዚህ የተወለዱት ጭራሹንም በዕብራይስጥ ቢያወሩ ቅር አይበለን።

ስለ ስም የሚነሳ ጥያቄም አለ። «አማርኛ ስሜን ከወረቀቱ ላይ ላውጣው ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። በ1980ዎቹ ዓመታት ስንቶቻችን ስማችን ሳንጠየቅ እንደተቀየረብን ታስታውሳላችሁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የለኝም፤ ወይም ደግሞ መልሱ የእኔ አይደለም። እኔ እስከ ዛሬ የምሠራው አባቴ ባወጣልኝ ስም ነው፤ ያልተመለሱልኝ ስልኮችም ነበሩ። ሁለቱንም ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ ይቀይራል፣ አንዳንዱ አይቀይርም፤ የቀየረውን ልንፈርድበት አይገባም።

በተለይም በገንዘብ ጉዳይ ላይ ብርቱ ክርክር ይነሳል። ተማሪው ማታ ማታ በጥበቃ እየሠራ ጥሩ ደመወዝ ያገኛል፤ ከዚያም ለቤት ይሰጣል። እኔ ደግሞ በሁለተኛው ዓመት፣ ቢዘገይ በሦስተኛው፣ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ የተማሪ ሥራ እንዲይዝ እመክረዋለሁ፤ ሰዓቱ አጭር፣ ክፍያውም አነስተኛ ነው። ወላጆች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ እውነት አላቸው፣ ኪራይ በተስፋ አይከፈልም። ሆኖም ትልልቅ የሒሳብ ቢሮዎች ለስታዥ የሚወስዷቸውን ተማሪዎች የሚመርጡት ከመመረቃቸው በፊት ነው። ሮኤ ሔሽቦን ለመሆን የሚፈልግ ከትምህርቱና ከመንግሥት ፈተናው ሌላ 2 ዓመት ስታዥ መሥራት አለበት። የቢዝነስ አስተዳደር ዲግሪ ብቻ የያዘውን ደግሞ አሠሪው «ምን መሥራት ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ተምሬአለሁ ማለት ለዚህ መልስ አይሆንም። በኤክሴል ሠርቶ የሚያሳየው ነገር፣ የሚያነበው እንግሊዝኛ፣ አንድ ዓመት የተቀመጠበት ጠረጴዛ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ከተማሪው ጋር ወረቀት አውጥተን እንደምራለን፤ ስንት ቢጎድልበት ቤቱ ይችላል? ከሚልጋ ምን ያገኛል? ስንት የጥበቃ ሌሊት ቢተው ይበቃል? አንዳንድ ጊዜ ሒሳቡ እምቢ ይላል፤ ያን ጊዜ ጥበቃውን ይዞ በክረምት ዕረፍት ብቻ እንዲሞክር እንስማማለን። ከወላጆች ጋር የሚነጋገረው ግን ተማሪው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፤ አንድ ቃል ከአሽዶድ ተነሥቶ እስከ ሐይፋ በአንድ ቀን ይደርሳል። ተማሪው ፈተና መውደቁን የነገረኝ ለእኔ ነው። እናቱ በሠርግ ላይ አግኝታኝ «እንዴት ነው ልጄ?» ብትለኝ «እርሱን ይጠይቁት» ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። ይህን መጠበቅ የማይችል ሰው ወደዚህ ሥራ ባይገባ ይሻላል። ገንዘብ የሚያበድርም ሰው አንፈልግም፤ አበዳሪና ተበዳሪ ከሆኑ በኋላ እውነት መነጋገር ይከብዳል። «ግድ የለህም፣ እኔ አስገባሃለሁ» የሚልም እንዲሁ። የምናውቀውን ሰው ስልክ እንሰጣለን፤ ደውሎ የሚያናግረው ራሱ ተማሪው ነው።

ብዙዎቻችሁ ልጆች ሳላችሁ የፔራህ ተማሪ ወደ ቤታችሁ ይመጣ ነበር። ፔራህ በ1970ዎቹ ዓመታት በዋይዝማን ተቋም የተጀመረ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ልጅን እያስጠና እርሱ ደግሞ ለትምህርት ክፍያው እርዳታ ያገኛል። ያን ጊዜ የሚያስጠናን ሰው ስናገኝ ብዙውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ነበር። ዛሬ በባንክ፣ በኢንሹራንስ፣ በማዘጋጃ ቤት፣ በሂሳብ ቢሮ የሚሠሩ የራሳችን ሰዎች በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። «እኔ ሥራ አስኪያጅ አይደለሁም፣ ምን አስተምራለሁ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሥራ አስኪያጅ ለተማሪው እጅግ ሩቅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የገባችው ጸሐፊ ወይም የደመወዝ ክፍል ሠራተኛ የመጀመሪያው ወር ምን እንደሚመስል፣ ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ፣ ያልገባውን ነገር እንዴት እንደሚጠይቅ ከእርሱ ይልቅ ታስታውሳለች።

የሚጠየቀው በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን፣ ይህም ለአንድ የትምህርት ዓመት ነው። በመካከሉ ሚሉኢም ከተጠራችሁ ወይም ከወለዳችሁ እናሸጋሽጋለን። በቤት ሳይሆን በቤተ መጻሕፍት ወይም በማኅበሩ ክፍል እንድትገናኙ እንመክራለን። ሻይ ሲቀርብ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ታገኛላችሁ፤ የሥራችሁን ዓይነት፣ የምትኖሩበትን ከተማና የሚመቻችሁን ቀን ጻፉበት። ተማሪዎቹም በሚመጣው ወር መጀመሪያ ላይ ይመዘገባሉ።