የዘይት ጠብታና የመስክ ጉዞ
(ለመስክ ሠራተኞች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



እኔ በሙያዬ የማስታወቂያ ሠራተኛ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ይሁንና ድርቅ በደረሰባቸው ወረዳዎች ስመላለስ ከሾፌሮቻችንና ከመካኒኮቻችን የተማርሁትን እንዳካፍል ስለ ተጠየቅሁ በደስታ ቀርቤአለሁ።

በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ ባስከተለው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የምግብ እርዳታ ጠባቂዎች ሆነው ነበር። በዚያው ወራት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጥ አልሚ ምግብ ጭነን ወደ ዋግ ኽምራ ስንጓዝ፣ በአንደኛው የኋላ ጎማ የውስጥ ገጽ ላይ የዘይት እርጥበት አየን። «ትንሽ ናት፤ ታደርሰናለች» ተባብለን ቀጠልን። ረጅሙን ቁልቁለት ስንወርድ ፍሬኑ እየደከመ፣ መኪናዋም ወደ አንድ ጎን እየሳበች ሄደች። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይዞ ከዳገቱ ጥግ አቆማት። ሰው አልተጎዳም፤ ጭነቱ ግን ሁለት ቀን ዘገየ። በጤና ጣቢያው ደጃፍ ልጇን ታቅፋ ለምትጠብቅ እናት ሁለት ቀን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

ምክንያቱ ኋላ ተገኘ። ኦይል ሲል የሚባለው የዘይት መያዣ ጎማ ተበልቶ፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት የፍሬኑን ሸራ አርሶት ነበር። እንግዲህ በጎማ ውስጠኛ ገጽ ላይ እርጥበት ሲታይ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ምንነቱን መለየት ግዴታ ነው። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራምና የድኝ ሽታ ያለው ነው፤ የፍሬን ዘይት ቀጭን ሲሆን በውሃ ይታጠባል። ሁለቱም ቢሆኑ መኪናዋን ከመንገድ የሚያስቀሩ ናቸው።

ፍሳሹ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ አስቀድሞ የመኪናዋን ሆድ ማጠብ፣ ጥቂት መንዳት፣ ሌሊቱን ካርቶን ከሥሯ አንጥፎ ማሳደር ይበቃል። ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ ምንጩ ከሁሉ ይልቅ ወደ ፊትና ወደ ላይ ያለው እርጥብ ቦታ ነው። በአሮጌ ላንድ ክሩዘር የፊት ጎማዎች ላይ፣ መሪው በሚዞርበት የብረት ኳስ ዙሪያ ግሪሱ እንደ ሾርባ ቀጥኖ ከፈሰሰ የውስጡ ዘይት መያዣ ማለፉን ያመለክታል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ዲፈረንሻል መተንፈሻ አለው። መተንፈሻው በአቧራ ሲደፈን፣ በጉዞ የጋለው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ይገፋዋል። መተንፈሻውን ሳያጸዱ ኦይል ሲል መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው። እንዲሁም የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ሲሻገር በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ ሳይውል ሳያድር መለወጥ አለበት። ዘይቱን ከማፍሰስ በፊት የመሙያው ቡሎን መከፈቱን ማረጋገጥ ይገባል፤ መሙያው እምቢ ካለ ባዶ መኪና ይዞ መቅረት ይመጣልና። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ የሚገኝ ግራጫ ለጥ ያለ ብናኝ የተለመደ ነው፤ ስባሪ ብረት ከተገኘ ግን ጥርሱ እየተበላ ነው።

ድምፅም ይናገራል። ማርሽ ገብቶ መኪናዋ ስትነሣ «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግና ሾፌሮች ክሮቼራ የሚሉትን መስቀለኛ ማጠፊያ መመርመር ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ ዘንጉን በእጅ ወዲያና ወዲህ ማዞር፤ የማጠፊያው አንዱ ወገን ሲንቀሳቀስ ሌላው ዝም ካለ ክሮቼራው አልቋል። በዙሪያው የዛገ ዱቄት መታየቱም ግሪስ ማጣቱን ይመሰክራል። ነዳጅ ሲሰጥ የሚጮኽ፣ ሲለቀቅ የሚለወጥ ጩኸት የዲፈረንሻል ነው፤ በኩርባ ላይ የሚጨምርና የሚቀንስ ጉምጉምታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጎማ ኩሽኔታ ነው።

በመጨረሻም፣ እነዚህ አሮጌ መኪናዎች የፊትና የኋላ ጎማ ኃይላቸው ሲጣመር በአስፋልት ላይ ሊነዱ አይገባም፤ በኩርባ የፊቱና የኋላው ጎማ የሚጓዙት ርቀት ስለሚለያይ ክፍሎቹ እርስ በርስ ይተናነቃሉ። የአራቱም ጎማዎች መጠን እኩል መሆን ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የቢሮ ኃላፊዎች ሆይ፣ ሾፌር «መኪናዋ ትመርመር» ሲል ሥራ ለማምለጥ እንደሆነ አትቁጠሩበት። ያን ዕለት ሾፌራችን ሊያቆም ፈልጎ ነበር፤ ያጣደፍነው እኛ ተሳፋሪዎች ነን። የግማሽ ሰዓት ምርመራ የሁለት ቀን መዘግየትን ያስቀራል።