ወንጌል ይዘው መጥተው መድፍ ያቀለጡ ወጣቶች

በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ስዊዘርላንዳዊው ሳሙኤል ጎባት በ1830 ትግራይ ሲገባ የ31 ዓመት ሰው ነበር፤ ጀርመናዊው ዮሐን ማርቲን ፍላድ በ1855 የዐፄ ቴዎድሮስን ግዛት ሲረግጥ ደግሞ ገና 24 ዓመቱ ነበር። (ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ከትምህርት የሚመረቁ ወጣቶች ብዙዎቹ በዚሁ ዕድሜ ላይ ይገኛሉ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ነገ ቋንቋውን ወደማያውቁት፣ ሰላም ወደራቀው አገር መላካቸው አይቀርም። ስለዚህ የጎባትና የፍላድ ትውልድ ታሪክ ለዛሬም እንግዳ ነገር አይደለም።

ጎባት የመጣበት ጊዜ ዘመነ መሳፍንት ነው። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት የሚባል ሰው ቢኖርም ትእዛዙ ከግቢው አጥር አያልፍም ነበር። ሥልጣኑ በየጁ ራሶች፣ በሰሜኑ ውቤ፣ በትግሬው ሰባጋዲስ፣ በጎጃምና በሸዋ ገዢዎች እጅ ተከፋፍሏል። ለእንግዳ የዚህ ትርጉም ቀላል ነው፤ አንዱ መስፍን የሰጠው የይለፍ ቃል ወንዝ ሲሻገሩ ያበቃል። የትናንቱ ጠባቂ ዛሬ ድል ከተመታ፣ የሱ እንግዳ መሆን ራሱ ወንጀል ይሆናል።

ጎባትና ጓደኛው ክርስቲያን ኩግለር የተላኩት በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር ነው። ይዘውት የመጡት ዕቃ በዋናነት መጽሐፍ ነበር፤ አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ላይ ወደ አማርኛ የመለሰው፣ በ1824 ለንደን ውስጥ የታተመው አራቱ ወንጌል። ጎባት ጎንደር ወጥቶ ከእጨጌ ፊልጶስና ከሊቃውንቱ ጋር ስለ ሃይማኖት ሲነጋገር ቆየ። አመሉ ለስላሳ ስለነበረ፣ ክርክሩን ሳይሆን ጥያቄውን ስለሚያስቀድም፣ ብዙዎች ወደዱት። ነገር ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩግለር የገዛ ጠመንጃው ፈንድቶ አቆሰለውና ሞተ። በየካቲት 1831 ደግሞ ሰባጋዲስ ደብረ ዓባይ ላይ በየጁው ራስ ማርዬና በውቤ ጦር ድል ተመታ። ማርዬም እዚያው ጦር ሜዳ ላይ ወድቆ ነበርና ደሙን ለመመለስ ሰባጋዲስ በማግስቱ ተገደለ። ጠባቂው የጠፋበት ጎባት መሸሸጊያ ያገኘው ደብረ ዳሞ ነው፤ በገመድ ካልተሳቡ በቀር የማይወጣበት ገዳም። የፕሮቴስታንቱን ሰባኪ ከወታደር ያዳነው፣ እሱ ሊያርማት የመጣው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ገዳም መሆኑ በሚሲዮን ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ብዙም ጎልቶ አይወጣም፤ ጎልቶ መውጣት ግን ነበረበት።

ከጎባት በኋላ የመጡት የሱን ያህል ትዕግሥት አልነበራቸውም። ካርል ኢዘንበርግ በጾምና በእመቤታችን ክብር ላይ ፊት ለፊት ስለተናገረ የአድዋ ካህናት ተነሡበትና በ1838 በውቤ ትእዛዝ ከአገር ወጣ። ከዚያ ያተረፈው የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ነው፤ ሁለቱም በ1841 እና በ1842 ታተሙ። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ደግሞ ሸዋ ወርዶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መልካም አቀባበል አገኘ። ችግሩ የመጣው በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት ካፒቴን ሃሪስን ለውል ሲልክ ክራፕፍ አማካሪና አስተርጓሚ ሆኖ በመግባቱ ነው። በዓመቱ ለጉዳይ ወጥቶ ሲሄድ ወሎ ላይ ተዘረፈ፤ ወደ ሸዋ ልመለስ ቢል ንጉሡ በሩን ዘጉበት። ከመንግሥት መልእክተኛ ጎን የታየ ሰባኪ ከዚያ በኋላ ሰባኪ ነኝ ቢል የሚያምነው አያገኝም፤ ሣህለ ሥላሴም በዚህ አይወቀሱም።

ጎባት በ1846 የኢየሩሳሌም የአንግሊካን ጳጳስ ሆነ። በኢትዮጵያ የቆየበት ትዝታ አዲስ ሐሳብ ወለደለት፤ ሊቃውንትና ካህናት ሞልተው በተረፉበት አገር ሌላ ሰባኪ መላክ ጠብ ያተርፋል፣ ባለ እጅ የሆነ ክርስቲያን ቢላክ ግን እንጀራውን ሠርቶ እየበላ፣ በኑሮው እያስተማረ ይቆያል የሚል። ለዚህ የተመቸው ባዝል ከተማ አጠገብ በ1840 የተመሠረተው የቅድስት ክሪሾና ተቋም ነበር። ተቋሙ የገበሬና የአንጥረኛ ልጆችን ሰብስቦ መጽሐፍ ቅዱስንና የእጅ ሥራን አንድ ላይ ያስተምር ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም ላይ እንደነገሡ ክራፕፍና ፍላድ መንገዱን ሊጠይቁ መጡ። የጳጳሱ የአቡነ ሰላማ መልስ ግልጽ ነበር፤ ባለ እጆች ይምጡ፣ ሃይማኖት ግን አይስበኩ። በኋላ ፍላድና ሌሎች በቤተ እስራኤል መካከል እንዲያስተምሩ ቢፈቀድላቸውም፣ የሚያምነው ሁሉ የሚጠመቀው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚል ገደብ ነበረበት። በ1856 ፍላድ ከቤንደር፣ ከማየርና ከኪንዝለን ጋር ተመልሶ መጣ፤ ቴዎፊል ዋልድማየርና ዛልሙለር ጥቂት ዓመት ዘግይተው ተከተሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ ባለ እጅ ሲባል የተረዱት ሌላ ነበር። ላኪዎቹ ያሰቡት ግንበኛ፣ አናጢ፣ ጠራቢ ነው። ቴዎድሮስ ግን ከግብፅ ጋር ገጥመው የመድፍን ኃይል በዓይናቸው ያዩ፣ መሳፍንቱን አንድ ባንድ እየሰበሩ አገር ለማቅናት የተነሡ ሰው ነበሩ፤ የሚያስፈልጋቸው መንገድና መድፍ ነው። ሚሲዮናውያኑ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለው ኮረብታ ላይ ሰፈሩ። ቤት ተሠራላቸው፣ ደመወዝና በቅሎ ተሰጣቸው፣ ወጣት ኢትዮጵያውያን ሙያ እንዲማሩ ተመደቡላቸው። ዋልድማየር የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አገባ። መጀመሪያ መንገድ ጠረጉ፣ ጋሪ ሠሩ። ከዚያ መድፍ ሥሩ የሚለው ትእዛዝ መጣ።

አይሆንም ብለው ነበር፤ ሙያውን አናውቀውም ማለታቸውም እውነት ነበር። ንጉሡ ግን ሞክሩ አሉ፤ የንጉሥ ሞክሩ ደግሞ ትእዛዝ ነው። መድፍ ማቅለጥ ከመጽሐፍ የሚገኝ ጥበብ አይደለም። ነሐሱ የሚፈስበት የሸክላ ቅርጽ ጉድጓድ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ መሐሉ ላይ የመድፉን አፍ የሚያወጣው ምሰሶ ይተከላል፣ ዙሪያው በአፈር ይደለደላል። ሸክላው እስከ ውስጥ ካልደረቀ፣ የቀለጠው ነሐስ ሲነካው እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ ቅርጹን ያፈነዳዋል። ምድጃው ሙቀቱን ካልያዘ ደግሞ ነሐሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይረጋል፤ የብዙ ወር ድካም በአንድ ሰዓት ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ሞሪትዝ ሆል የተባለው የፖላንድ ሰውና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ተጨመሩ፤ እየተሳሳቱ ተማሩ። በ1867 ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው፣ በክሪሚያ ጦርነት ስሙ በተነሣው ከተማ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ ወጣ። ዛሬ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው የዚህ መድፍ አምሳያ ነው፤ ዋናው መቅደላ ላይ አለ።

እዚህ ላይ በነዚህ ወጣቶች መፍረድ ቀላል ነው። የሰላምን ወንጌል ይዘው መጥተው የጦር መሣሪያ አቀለጡ የሚለው ክስ በዘመናቸውም ተሰንዝሮባቸዋል። ክሱ ግን የተያዙበትን ወጥመድ አያሳይም። ሽብር ባለበት አገር ለንጉሥ የጠቀመ እንግዳ ይከበራል፤ የሚከበረው ስለሚጠቅም ስለሆነ ግን ከዚያ ወዲያ ልሂድ ማለት አይችልም። እንዲቆዩ ያስቻላቸውም፣ እንዳይወጡ የከለከላቸውም እጃቸው ነው። ይህን ወጥመድ የሠራው የንጉሡ ክፋት ብቻ አልነበረም። ሙያን ለወንጌል መግቢያ ያደረገው የላኪዎቹ ዕቅድ፣ ባለ ሙያው ሥራ ምረጥ ተብሎ ሳይሆን ይህን ሥራ ተብሎ ሲታዘዝ ምን ይመልሳል የሚለውን አላሰበበትም።

ጫናው ከሌላ በኩልም መጣ። ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ሲደርስ መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። ሄንሪ ስተርን የተባለው የለንደኑ ሚሲዮናዊ ደግሞ ባሳተመው መጽሐፍ የንጉሡን እናት ኮሶ ሻጭ ብሎ ነበር። በ1863 ሊሰናበት በመጣበት ወቅት አገልጋዮቹ በፊቱ እስኪሞቱ ተገረፉ። ስተርን ድንጋጤውን መቋቋም አቅቶት ጣቱን ነከሰ። በእሱ አገር ጣት መንከስ ራስን መያዝ ነው፤ በቆመበት ግቢ ግን እበቀልሃለሁ ማለት ነበር። እሱም ተገረፈ፣ ታሰረ። በዓመቱ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን፣ ፍላድና ሌሎችም ታሰሩ። የጋፋቶቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። የታሰሩት ወገኖቻቸው ዘንድ ይህ መራራ ቅሬታ አስነሥቷል፤ በኋላ በታተሙት ማስታወሻዎች ውስጥም ቅሬታው ይነበባል። ይሁን እንጂ ለእስረኞቹ ማማለጃ የሚያቀርበው፣ ስንቅ የሚልከው፣ ወሬ የሚያደርሰውም ይኸው የጋፋት ሰፈር ነበር።

በ1866 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም መጥቶ እስረኞቹ ይፈታሉ ሲባል፣ ይባስ ብሎ ራሱ ታሰረ። በሚያዝያ ወር ቴዎድሮስ ፍላድን ወደ ለንደን ላኩት፤ ጉዳዩ ባለ ሙያዎችና የፋብሪካ ዕቃ ይዞ እንዲመጣ ነው። ሚስቱና ልጆቹ መያዣ ሆነው ቀሩ። ፍላድ ንግሥት ቪክቶሪያን አግኝቶ አነጋገረ። መንግሥቱ ባለ ሙያዎችን እስከ ምጽዋ ለመላክ ተስማማ፤ እስረኞቹ ቀድመው ካልተለቀቁ ግን አንድ እርምጃ አይሄዱም አለ። ፍላድ ይህን መልስ ይዞ፣ ባዶ እጁን ወደ ቴዎድሮስ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ደጋው ላይ ያለው አገር በዓመፅ ታውኳል፣ መንገዱ ሁሉ በሽፍታ ተይዟል፣ ንጉሡም ከቀን ወደ ቀን እየከፉ ነው። በ1867 ግን ተመለሰ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጀግንነት የሚባል ነገር ካለ ይኸው ነው፤ ላኪ ማኅበር አላዘዘውም፣ መንግሥትም አላስገደደውም። በዚያው ዓመት የጋፋቶቹም ከሰፈራቸው ተነሥተው ደብረ ታቦር ላይ በጥበቃ ሥር ዋሉ፤ ባለሟልነታቸው እስር ሆነ።

ቴዎድሮስ መድፎቻቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ሴባስቶፖል በጋሪ ላይ ተጭኖ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች ይጎተት ነበር። መንገድ ባልነበረበት ገደል መንገድ እየተጠረገ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ጉዞው ወራት ፈጀ። የባለ እጆቹ ሥራም ይህ መንገድ ነበር። እስረኞቹን ለማስፈታት የተላከው የሰር ሮበርት ናፒየር የእንግሊዝ ጦር ሲደርስ በስቅለት ዓርብ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። የቴዎድሮስ ሠራዊት ተመታ፣ ጋፋት የተሠሩት መድፎችም አላዳኑትም። በማግስቱ ወደ ናፒየር ሰፈር ከተላኩት ሦስት መልእክተኞች አንዱ ፍላድ ነበር፤ ሌሎቹ ሌተናንት ፕሪዶና ደጃዝማች አለሜ ናቸው። በሁለት ቀን ውስጥ እስረኞቹም ባለ እጆቹም ከነቤተሰባቸው ወረዱ። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ከመቅደላ የተረፉት ወጣቶች መንገዳቸው ተለያየ። ዋልድማየር ሚስቱን ይዞ ወደ ሊባኖስ ሄደ። በ1873 ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በዘመኑ መጨረሻም ቤይሩት አጠገብ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። መድፍ የሠራው እጅ ሌላ ሥራ አገኘ፤ ለዚያ ግን አገር መቀየር አስፈልጎታል። ጋፋት ላይ ከሚሲዮናውያኑ ጋር የሠራው፣ የቴዎድሮስን ታሪክ የጻፈው ደብተራ ዘነብ ለክራፕፍ በኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ረድቶ ሥራው እዚያው ቅድስት ክሪሾና ታተመ። ከዐፄ ዮሐንስ ዘመን ጀምሮ የውጭ ሚሲዮናውያን በር ስለተዘጋባቸው፣ ፍላድ ከጀርመን በደብዳቤ፣ አልፎ አልፎም ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ድረስ መጥቶ በመገናኘት ብቻ ሥራውን ይመራ ነበር። በአገር ቤት ሸክሙን የተሸከመው ፍላድ ያሳደገው ቤተ እስራኤሉ ሚካኤል አረጋዊ ነው። ክሪሾና ተምሮ ተመልሶ፣ ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉበትና ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ አገሩን ባራቆተበት ጊዜ ሁሉ በዚያው በሥራው ላይ ቆየ።