የልብስ ወቅት፣ የገበያ ወቅትና የአማካሪው ኃላፊነት



ልብስ ሰውነትን ከብርድና ከፀሐይ ለመከላከል የተጀመረ ቢሆንም፣ ከጥንት ጀምሮ የሰውን ማዕረግ፣ ሐዘኑንና ደስታውን ሲገልጥ ኖሯል። ስለዚህ «ምን ልልበስ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ የአየር ጠባይ፣ የኪስ ዐቅምና የክብር ጉዳይ በውስጡ ይገኛሉ። ይህን ጥያቄ ለሌላው ሰው የሚመልሰው ባለሙያ ስታይሊስት ይባላል፤ የአለባበስ አማካሪ ቢባልም ሥራውን ይገልጠዋል። ይህ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ «ወቅት» የሚለው ቃል በልብስ ንግድ ውስጥ ሁለት ትርጉም ያለው መሆኑን ነው። አንደኛው የሰማይ ወቅት፣ ሁለተኛው የገበያ ወቅት ነው።

የገበያው ወቅት ሥር የሰደደው በፓሪስ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ቻርልስ ፍሬድሪክ ዎርዝ የተባለው እንግሊዛዊ በ1858 በዚያች ከተማ የልብስ ቤት ከፈተ። ቀደም ሲል ልብስ ሰፊው በአብዛኛው የደንበኛውን ትእዛዝ ፈጻሚ ነበር። ዎርዝ ግን ሞዴሎቹን አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ በሴቶች ላይ አልብሶ እያሳየ፣ ደንበኞቹ እርሱ ካሰናዳው እንዲመርጡ አደረገ። በዚህም የሚለበሰውን የመወሰን ሥልጣን ከለባሹ ወደ ሠሪው መሻገር ጀመረ። «ኦት ኩቱር» የሚለው ስም ከ1945 ጀምሮ በፈረንሳይ ሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ ይህ በልክ የሚሰፋ ልብስ ዛሬም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጃንዋሪና በጁላይ፣ ለዕይታ ይቀርባል። ተሰፍቶ የሚሸጠው ልብስ ደግሞ ግማሽ ዓመት ያህል ቀድሞ ስለሚታይ፣ በማርች የሚታየው ካፖርት የሚለበሰው በመጪው የብርድ ወራት ነው።

አዲስ ፋሽን የሚወጣው የአየሩ ጠባይ ስለ ተለወጠ ብቻ እንዳልሆነ ክርስቲያን ዲዮር በፌብሩዋሪ 1947 ያቀረበው ሥራ ይመሰክራል። ከጦርነቱ በኋላ ጨርቅ ገና ብርቅ ነበር፤ በብሪታንያም ልብስ እስከ 1949 ድረስ በራሽን ይታደል ነበር። ዲዮር ግን ወገቡ የጠበበ፣ ጉርዱ ብዙ ጨርቅ የሚፈጅ ልብስ አወጣ። ባባካኝነቱ የተቆጡ ቢኖሩም፣ ሞዴሉ ብዙ አገር አዳረሰ። የተሸጠው ጨርቅ ብቻ ሳይሆን፣ ከችግር ዘመን የመውጣት ተስፋም ነበር።

እንዲህ ያለው ተስፋ በየስድስት ወሩ ሲታደስ ግን የራሱን ዕዳ ያመጣል። ቡርቤሪ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 28.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ያልተሸጠ ዕቃ ማጥፋቱ በ2018 ከራሱ ሪፖርት ታወቀ፤ በዚያው ዓመትም ድርጊቱን ማቆሙን አስታወቀ። ፈረንሳይ በ2020 ባወጣችው ሕግ ያልተሸጠ ልብስን ማጥፋት ከለከለች። ውድ ዕቃ ረክሶ ከሚታይ ይቃጠል የተባለው፣ ከዋጋው ውስጥ ብዙው የስም ዋጋ ስለሆነ ነው። ስለዚህ አማካሪው የጨርቁንና የስፌቱን ዋጋ ከአዲስነቱ ዋጋ ለይቶ ለደንበኛው ማሳየት ይኖርበታል። ለምሳሌ በ12,000 ብር የተገዛ ቀሚስ ሦስት ጊዜ ብቻ ቢለበስ፣ አንዱ ቀን 4,000 ብር አስከፍሏል። በ20,000 ብር የተገዛ ካፖርት 200 ቀን ቢለበስ ግን፣ የአንዱ ቀን ዋጋ 100 ብር ነው። ውድና ርካሽ የሚለዩት በመግዣው ቀን ሳይሆን በመልበሻው ቀን ነው።

የአውሮፓ ወቅት ከኢትዮጵያ ደጋ ጋር አይገጥምም። በሐምሌ በአውሮፓ ሱቆች በቅናሽ የሚሸጠው ስስ ልብስ፣ በዚያው ወር ለአዲስ አበባ ዝናብና ብርድ አይሆንም። በአንጻሩ የፓሪስ ሱቆች የብርዱን ልብስ በሚደረድሩበት በመስከረም፣ በኢትዮጵያ ዝናቡ አባርቶ አደይ አበባ ይፈነዳል። የአገሬው የልብስ ወቅት ከአየሩ ይልቅ በዓሉን ይከተላል፤ ዕንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ኢድና ሠርግ የየራሳቸው ልብስ አላቸው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረትም ይህንኑ ይናገራል።

የዚህም ወቅት ክቡር ልብስ የእጅ ሥራ ነው። ፈታይዋ በእንዝርት የፈተለችው ማግ፣ ከድሩ ጋር በሸማኔው መወርወሪያ ተዋሕዶ፣ ጥለቱ ክር በክር እየተቆጠረ ይወጣል። የዶርዜ ሸማኔዎች ሙያና የሽሮ ሜዳ ገበያ የታወቁት በዚህ ነው። ነገር ግን በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ጥለት መሰል ሥዕል ታትሞ በበዓል ሰሞን ከእውነተኛው ጎን ይሰቀላል። የታተመው በስሙና በዋጋው ቢሸጥ ነውር የለበትም፤ ዐቅሙ ለማይፈቅድ ሰውም ይጠቅማል። በሸማኔው ስም ሲሸጥ ግን ገዢው ገንዘቡን፣ ሸማኔው እንጀራውን ያጣል። መለያው አስቸጋሪ አይደለም፤ ልብሱን ገልብጦ ማየት ነው። በእጅ የተጠለፈ ወይም የተሸመነ ጥለት ክሩ በጀርባውም ይገኛል፤ የታተመው ግን ፊቱ ደምቆ ጀርባው ይገረጣል።

እንግዲህ የአማካሪው ኃላፊነት በሦስት ነገር ይጠቃለላል። አንደኛ፣ ደንበኛው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት በሣጥኑ ያለውን ልብስ አብሮ መመርመር፤ ያምናው ቀሚስ ታድሶ የዘንድሮን በዓል ሊያከብር ይችላልና። ሁለተኛ፣ ጨርቁን በትክክለኛ ስሙ መጥራት። ሦስተኛ፣ ከሻጩ የሚቀበለው ኮሚሽን ካለ ሳይደብቅ መናገር። ደንበኛው ስለ ልብስ ምክር ሲከፍል፣ አማካሪው የሻጩ ደላላ ሳይሆን የእርሱ ዐይን እንዲሆንለት ነው። በዓሉ ባለፈ ማግስት ደንበኛው ዕዳ ሳይሆን ልብስ ቀርቶለት ከተገኘ፣ ምክሩ መልካም ነበር ማለት ነው።