በሲ ቋንቋ የውስጥ ተለዋዋጮች የመታወቂያ ክልልና ዕድሜ



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ነው። ይኸውም በሲ ቋንቋ በተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ አንድ ስም እስከ የት እንደሚታወቅና የያዘው ዋጋ እስከ መቼ እንደሚቆይ ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱን እንደ አንድ እንቆጥራቸዋለን፤ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ባዘጋጀው በዚህ ቋንቋ፣ በጥምዝ ቅንፍ መካከል የተጻፈ የአዋጆችና የትእዛዞች ስብስብ ብሎክ ይባላል። በብሎክ ውስጥ የታወጀ ተለዋዋጭ፣ ከታወጀበት ቦታ ጀምሮ ቅንፉ እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ይታወቃል። በ1989 በጸደቀው የአሜሪካ ስታንዳርድ መሠረት አዋጆቹ በብሎኩ መግቢያ ላይ መስፈር ነበረባቸው፤ የ1999ኙ ስታንዳርድ ግን ከሥራ ትእዛዞች ጋር ተቀላቅለው እንዲጻፉ፣ የ«ፎር» ድግግሞሽ ቆጣሪም በራሱ በድግግሞሹ ራስጌ እንዲታወጅ ፈቀደ። በእኔ አስተያየት ይህ ፈቃድ ቋንቋውን እጅግ ከጠቀሙት መሻሻሎች አንዱ ነው፤ ተለዋዋጩ ዋጋ በሚያገኝበት መስመር ላይ ሲታወጅ ያለ ዋጋ የሚቆይበት ጊዜ አይኖርምና።

ያለ ዋጋ ስል ዜሮ ማለቴ አይደለም። መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው የውስጥ ተለዋዋጭ የሚይዘው አይታወቅም፤ ብዙውን ጊዜ ስፍራውን ቀድሞ የያዘው ሥራ ጥሎት የሄደው ትርፍራፊ ነው። በቤተ ሙከራ ዜሮ ሆኖ የታየው በሥራ ቦታ ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከዚህ የባሰው የስም መደራረብ ነው። በየሰፈራችን በየቤቱ አንድ ማሙሽ አለ፤ እናት ከቤቷ ውስጥ ሆና ስትጠራ ግን የሚመልስላት የራሷ ልጅ ነው። በሲም እንዲሁ ነው። የውኃ ማጠራቀሚያን ከፍታ በየሰዓቱ የሚለካ፣ የ24ቱን ንባብ አማካይ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ እንበል። «ድምር» ከድግግሞሹ በፊት ዜሮ ሆኖ ታውጇል። ጸሐፊው በድግግሞሹ ቅንፍ ውስጥ «ድምር»ን ዳግመኛ ቢያውጀው፣ ንባቡ የሚደመረው በአዲሱ ላይ ነው፤ እርሱም በእያንዳንዱ ዙር ተወልዶ በእያንዳንዱ ዙር ይሞታል። የውጭው ድምር እስከ መጨረሻው ዜሮ ነው። በዚህ አማካይ የሚታዘዝ ፓምፕ ማጠራቀሚያው ባዶ ነው ብሎ መግፋቱን ይቀጥላል፤ ውኃውም ሞልቶ ይፈስሳል። ኮምፓይለሩ ግን ፕሮግራሙን ያለ ስሕተት ይቀበለዋል፤ ቋንቋው የከለከለው ነገር የለምና።

አሁን ወደ ዕድሜ ልመለስ። «ስታቲክ» ተብሎ የታወጀ የውስጥ ተለዋዋጭ ስሙ ከብሎኩ ውጭ አይታወቅም፤ ዋጋው ግን ፕሮግራሙ እስኪያበቃ ይኖራል፤ መነሻ ካልተሰጠውም በእርግጥ ዜሮ ነው። በተቃራኒው ፈንክሽን የተራ የውስጥ ተለዋዋጩን አድራሻ ለጠሪው ቢመልስ፣ ባለቤቱ በሞተበት ቤት ደብዳቤ እንደ መላክ ነው፤ አድራሻው አለ፣ ተቀባዩ የለም። አንዳንዴ ትክክለኛው ቁጥር ይገኛል፤ አታላይነቱም በዚህ ነው፤ ሌላ ፈንክሽን ተጠርቶ ስፍራውን ሲወስድ ብቻ ይገለጣል።

ጂ.ሲ.ሲ. በተባለው ኮምፓይለር የምትሠሩ ሁሉ፣ «ዎል» የሚለው የማስጠንቀቂያ ትእዛዝ በስሙ ሁሉንም ያካተተ ይምሰል እንጂ የስም መደራረብን አይጨምርም። «ሻዶው» የተባለውን ማስጠንቀቂያ ለብቻው በስሙ ጠርታችሁ ማዘዝ ይኖርባችኋል።