የሰው ከብት ቆጣሪ



አዘጋጆቹ «ስለምታስተምረው ነገር ትንሽ ተናገር» ሲሉኝ፣ የማስተምረው የእስያ ፍልስፍና መሆኑን ረስተውት እንደሆነ እንጃ። ማንንም ከሃይማኖቱ ላናውጥ አልመጣሁም፤ አይዟችሁ።

የቡድሃን ትምህርት የሚከተሉ ሰዎች መማርን በፓሊ ቋንቋ በሦስት ይከፍሉታል፤ ፓሪያቲ፣ ፓቲፓቲ፣ ፓቲቬዳ። ቃሉን ማጥናት፣ በተግባር መለማመድ፣ ከዚያም ራስ አይቶ መረዳት ማለት ነው። እኛ የምናስተምረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ተማሪው አራቱን የከበሩ እውነቶች ዘርዝሮ ይጽፋል፣ «ኤ» ያገኛል፣ ይሄዳል። ዳማፓዳ በተባለው መጽሐፋቸው ብዙ ቃል እየደገመ የማይሠራበት ሰው፣ የሌላ ሰው ከብት ከሚቆጥር እረኛ ጋር ተመሳስሏል። ለገጠር ልጅ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ቁጥሩ ልክ ነው፣ በረቱም ተዘግቷል፤ ወተቱ ግን የባለቤቱ ነው።

ኡ ባ ኪን የሚባል የበርማ ሰው ነበር። መነኩሴ አይደለም፤ የመንግሥት ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ተመስጦን እ.ኤ.አ. በ1937 የተማረው ከአንድ ገበሬ መምህር ነው። አገሩ በ1948 ነጻ ስትወጣ ዋና የሒሳብ ሹም ሆነ፤ በዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹንም ያስተምር ነበር። በ1952 ራንጉን ላይ ማዕከል ከፈተ፤ ተማሪው ጎየንካ በ1969 ትምህርቱን ወደ ህንድ ወሰደው። የጎየንካ ኮርስ አሥር ቀን ነው፣ በዝምታ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ትንፋሽ በአፍንጫ ሲገባና ሲወጣ ከመከታተል ሌላ ሥራ የለም። ደስ የሚለኝ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ሰፊው ማብራሪያ የሚሰጠው ማታ ነው፣ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲሞክር ከዋለ በኋላ። እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሙከራውማ ጭራሽ የለም።

«ሁሉም ያልፋል» የሚለውን እኮ ለቅሶ ቤት ሁላችንም እንለዋለን። እስቲ ግን እግራችሁን አጣጥፋችሁ ሳትነቃነቁ አንድ ሰዓት ተቀመጡ! ጉልበት ማመም ሲጀምር የማያልፍ ይመስላል። ዝም ብሎ ለተመለከተው ግን ሕመሙ ይግላል፣ ይወጋል፣ ይሳሳል፣ ቦታ ይቀይራል። ቡድሂስቶች «አኒቻ» የሚሉት፣ የነገሮች አለመጽናት፣ እዚያ ጉልበት ላይ ይታያል። በማስታወሻ ደብተር ላይ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው።

ከክፍል በፊት ለሚፈልጉ ተማሪዎቼ አሥር ደቂቃ ትንፋሻቸውን እንዲከታተሉ ዕድል እሰጣለሁ። አንድ ባልደረባዬ «ይህ ትምህርት ነው ወይስ አምልኮ?» ብሎኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የማይፈልግ አይገባም፣ ነጥብም የለውም፤ ማንም ለማንም አይሰግድም። ግን የኬሚስትሪ ተማሪን ቤተ ሙከራ ሳያስገቡ ማስመረቅ ይቻላል? የእኛን ተማሪ ለምን?

ስለዚህ ሥርዓተ ትምህርቱን የምትከልሱ ወዳጆቼ፣ ለዚህ ኮርስ በሳምንት አንድ የተግባር ሰዓት ፍቀዱልን። መሣሪያ አንጠይቅም፣ በጀትም አንጠይቅም። ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባዶውን የሚውል ክፍል አለ፤ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው።