ስለ ጭንቀት ሕክምና በእንጅባራ የተነገረ ቃል



ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ሁላችሁም አይታችኋል። ጩኸት የሚያስደነግጠውን ፈረስ ከጩኸት ሁሉ ቢያርቁት ድንጋጤው ይብስበታል፤ በጥቂት በጥቂቱ ቢያቀርቡት ግን ይለምዳል። የልቡና ሕክምናም ይህን ይመስላል።

አንድ የቅኔ ተማሪ ነበረኝ፤ «ቃል ገደፍሁ» እያለ ጸሎቱን ሌሊቱን ሁሉ ከመጀመሪያው ይደግም ነበር። እኔም አዝኜለት «አልገደፍህም» እያልሁ አረጋጋው ነበር፤ ነገር ግን ዕረፍቱ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሆነ፥ ጭንቀቱም በረታ። ለካ ማረጋጋቴ የበሽታው ስንቅ ኖሯል።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ቪክቶር ሜየር የተባለ የለንደን ሊቅ፥ በሽተኛው የሚፈራውን ቀርቦ መደጋገሙን ሲተው ፍርሃቱ እንደሚበርድ ጻፈ። ጦርነት ያስደነገጠው ሰውም ከሚያምነው ሐኪም ጋር ያየውን በዝግታ ሲናገር፥ ያለፈው ነገር ማለፉን ልቡናው ይማራል፤ በግድ ማናገር ግን ይጐዳዋል።

እንግዲህ ጠበሉን ሳንተው ወደ ሐኪምም እንሂድ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል፤ በአዲስ አበባም የአማኑኤል ሆስፒታል ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ አለ።

ያ ተማሪ ታክሞ ዛሬ ጸሎቱን አንድ ጊዜ አድርሶ ይተኛል። ስለዚህ በሚፈራ ሰው አንሣቅበት፤ አብረነው እንቁም።