ስለ ምድጃና ስለ ምጣድ ዕድሜ
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተሰጠ ንግግር

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ጎጆ ለምትወጣ ሴት ከቤት ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ የሚታሰብላት ምጣድና ምድጃ ነው። ምድጃ ሲያዩት አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ክፍሎቹ ብዙ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም እኩል አይደለም። ጉልቻው ድንጋይ ስለሆነ ከአያት ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ምጣዱ ግን ሸክላ ነውና በአንድ ማለዳ ስሕተት ይሰነጠቃል። ስለዚህ የምድጃ ዕድሜ ሲጠየቅ የትኛው ክፍል እንደሆነ መለየት ይገባል።

ምጣድን የሚሰብረው እሳት ብቻ አይደለም፤ ውሃና ችኮላም ናቸው። የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በመሆኑ በዙሪያው ያለው የእስቴና የላይ ጋይንት ደጋ ብርዱና ጭጋጉ ብርቱ ነው። ሸክላም ለዓይን የማይታይ ረቂቅ ቀዳዳ ስላለው በክረምት እርጥበት ይጠጣል። ይህ እርጥብ ምጣድ በድንገት ነበልባል ቢነድበት ውስጡ ያለው ውሃ ተን ይሆናል፤ መውጫም ሲያጣ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ባለሙያ ሴት አስቀድማ በስሱ እሳት የምታሞቀው ስለዚህ ነው። የጋለውን ምጣድ በእርጥብ ጨርቅ መወልወልም እንዲሁ ያጠፋዋል፤ ላዩ በርዶ ሲኮማተር ታቹ እንደጋለ ይቀራልና።

አዲስ ምጣድ በተወቀጠ ጎመን ዘር ደጋግሞ ይሟሻል። ቅባቱ በሙቀት ደርቆ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ እንጀራውም አይጣበቅም። እናቶች ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ምክንያቱን ለልጆች ማስረዳት ግን የመምህራን ፋንታ ነው። ምጣዱን የምትሠራዋ ሸክላ ሠሪ በቀድሞ ዘመን ትናቅ ነበር፤ የናቋትም ሰዎች እንጀራቸው በእጇ ሥራ ላይ ይጋገር ነበር።

በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት ምርጥ ምድጃ የተባለው በኢትዮጵያ ወጣ። ይህ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደቃቅ በቅርጽ የሚሠራ ሲሆን ስድስት ክፍል አለው፤ አራቱ ምጣዱን ይከባሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ጢሱን እያወጡ ድስት ይሸከማሉ። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ እኩሌታ ይቀንሳል፤ በደንብ ከተያዘም 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል።

ይሁን እንጂ ከሲሚንቶው ይልቅ ቀድሞ የሚያረጀው በክፍሎቹ መካከል ያለው የጭቃ ምርጊት ነው። ጭቃው በሙቀት ደርቆ ሲረግፍ እሳቱ በስንጥቁ ይወጣል፤ ሴቲቱም ምጣዱ አልግል ሲላት ማገዶ ትጨምራለች። በዚህ ጊዜ ምድጃው ቆሞ ሳለ ጥቅሙ ሞቷል፤ የሚበላውም ከጉልቻው የማይተናነስ ይሆናል። ዛፍ ባለቀበት ደጋ ደግሞ የሚነደው ኩበት ነው። ለአንድ እፍኝ ጭቃ ስንፍና ሲባል ለገብሱ ማሳ ፍግ መሆን የሚገባው ሁሉ አመድ ይሆናል። ምርጊት የሴት ሥራ ነው ብሎ የሚተው ባለ ማሳ ይህን ሒሳብ አላሰበውም።

ሲሚንቶውም ቢሆን ጠላት አለው። አዲስ የተሠራው ክፍል ለብዙ ቀን ውሃ እየጠጣ ካልጠነከረ በመጀመሪያው እሳት ይሰነጠቃል። የማገዶው መግቢያ ከንፈር ወፍራም ግንድ ሲወረወርበት ይሸረፋል። አመዱ ካልተጠረገም አየር ስለሚያጣ ጢሱ ወደ ጋጋሪዋ ዓይን ይመለሳል።

በወገዳ፥ በዓርብ ገበያና በመካነ ኢየሱስ ከተማ ከሰል ለሚያነድድ ላቀች የተባለው ምድጃ አለ። የውስጡ ሸክላ ከውጭው ቆርቆሮ ቀድሞ ይሰበራል፤ ቆርቆሮውን ሳይጥሉ ሸክላውን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ነገር ግን አመድ እርጥበት ይዞ ካደረበት ቆርቆሮው ይዝጋል።

በብርዳማው አውሮፓና አሜሪካ ሰጋቱራ ተጨምቆ እንደ እንክብል ተሠርቶ የሚነድበት የብረት ምድጃ አለ፤ ማገዶውን የሚገፋ ሞተርና አየር የሚነፋ ማራገቢያ አለው። ያም ቢሆን እሳት የሚነድበት ጽዋው በአመድ ሲደፈን ይቃጠላል፤ የበሩ ማሸጊያ ገመድ ሲያልቅም ሙቀቱ ይባክናል።

የመንደር መምህር ተማሪዎቹን ይዞ አንዱን ምድጃ ሊመረምር ቢወድ፥ ምጣዱ ተጥዶ እርጥብ ቅጠል ይነደድበት። ጢስ የወጣበት መገጣጠሚያ በከሰል ምልክት ይደረግበትና ምድጃው ከበረደ በኋላ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረግ፤ እስኪደርቅም እሳት አይነካው።